የአበልጅ ቤንዚን

ጋሽ ይሻው ቤንዚን ሲመርጡ ያየ ሰው ሚስት የሚመርጡ ይመስለዋል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «እኔን ሲያገቡ እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም። አባታቸው መረጡላቸው፣ እሳቸው እሺ አሉ፣ አለቀ» ይላሉ። ጋሽ ይሻው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ከጎጃም ለማስተማር ደብረ ታቦር መጥቼ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው። መስኮቴን ስከፍት ፊት ለፊት የማያት መኪና ነች። መኪና ብቻ ብላት ይጎድልባታል፤ ፈረንጅ ቤትና መኪናን አንድ ላይ አድርጎ የሠራት ነገር ናት። ውስጧ አልጋ አለ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለ፣ ዕቃ ማጠቢያ እንኳ ሳይቀር አለ። ጋሽ ይሻው የመንገድ ሥራ ሾፌር በነበሩ ጊዜ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ከነሚስቱ ይኖርባት ነበር። አገሩ ሲገባ ቁልፏን ለእሳቸው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ጎጆዋ» ይላታል፤ በጥር ሙሽሮች ይሳፈሩባታል፣ ከርሞ ከርሞ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጓዝ የማይችል በሽተኛ ይተኛባታል። በዚህ አገር አልጋ ይዞ የሚሄድ መኪና እሷ ብቻ ነች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጎጆዋ ግን «ሆዷ ስስ ነው»። የጋሽ ይሻው ቃል ነው። እሷ የተሠራችው ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይቀላቀል በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ያሁኑን ቤንዚን ትንሽ ዘይት ጠብ ሳያደርጉበት አያጠጧትም። ቦቴ ማደያ በገባ ዕለት አይቀዱም። «ከጋኑ ሥር ያለው አተላ ይታወካል» ብለው፣ ሰው ሁሉ ሲራኮት እሳቸው ማግስቱን ይጠብቃሉ። ማግስቱን ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ አልቋል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውንማ፣ ሻጩ አይኑ እያየ ነው የሚመረምሩት። እትዬ ጥሩወርቅ ለጠጅ ብለው ከገዙት ብርሌ አንዱን ቀምተው ቤንዚን ይሞሉበትና ውኃ ከሥሩ እንደተኛ እስኪያዩ ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ነጭ ወረቀት አውጥተው አንዲት ጠብታ ያሳርፉበታል። ንጹሑ ቤንዚን ምንም ሳይተው ይደርቃል። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን፣ ቅቤ እንደነካው ነጠላ ወዙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ወዙን ካዩ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይሰሙም። እኔ በጣም እስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም።

እንግዲህ ስለ ጋሽ ሙላቴ ልንገራችሁ። ጋሽ ሙላቴ አናጺ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ግቢ በታች ነው። ልጃቸውን ስርጉትን ክርስትና ያነሷት ጋሽ ይሻው ስለሆኑ ሁለቱ አበልጆች ናቸው። በደቡብ ጎንደር አበልጅነት ከወንድምነት አያንስም፤ እንዲያውም ይከብዳል። ከወንድም ጋር ተጣልቶ መታረቅ ያለ ነው፤ አበልጅን ማስቀየም ግን እግዜርም ሰውም የሚታዘበው ነውር ነው። ስለዚህ አብረው ያደጉት ሁለት ሽማግሌዎች ከስርጉት ክርስትና ወዲህ አንቱ ይባባላሉ። ጠላ ቤትም ቢሆን አንዱ የሌላውን ዋንጫ ሳይቀምስ አይጠጣም። እኔ ይህን ሁሉ ስርዓት ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እግር ያስከፍላል ብዬ የት አውቄ።

ሐምሌ ላይ ነው። የጋሽ ሙላቴ ባለቤት እትዬ ጌጤ ጌሾ ይነግዳሉ። ያቺ ሴት ገበያ ለገበያ ስትዞር እግሯ የማይደክማት ናት ይባልላቸው ነበር፤ ጌሾውን በጀርባቸው አዝለው ወጣቶቹን ቀድመው ዳገቱን የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከገበያ ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸውና በዳሌያቸው ወደቁ። የአጥንቱ ነገር ባሕር ዳር ሄዶ ቢታይ ይሻላል ተባለ፤ ታዲያ ሳይናወጡ፣ ተጋድመው ነው መሄድ ያለባቸው። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል። ሁሉም ሰው በአንድ አፍ «ጎጆዋ!» አለ።

ጎጆዋ ባዶ ነች። ማደያው ደርቆ ሰንብቷል። ጋሽ ይሻው ያለችዋን ጭላጭ እየለኩ ወረታም እንደማታደርሳቸው ሲያውቁ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ጋሽ ሙላቴ ወጥተው ጠፉ። ከተማውን ሲያስሱ አረፈዱ፤ ሲመለሱ ዝናቡ አበስብሷቸው፣ ሙሉ ጀሪካን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ነበር።

«አበልጄ! እግዜር አላሳፈረኝም፣ አገኘሁ!» አሉ ገና ከበር።

እኔ ለእትዬ ጌጤ ብርድ ልብስ ይዤ ከሁለቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጋሽ ይሻው ጀሪካኑን ተቀበሉና እጃቸው በልማዱ ወደ ኮታቸው ኪስ ገባ። ወረቀቱ ግማሽ ድረስ ወጣ። ጋሽ ሙላቴ አዩት። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ እኔም አየሁ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ያኔ ጋሽ ይሻው በዚያ ወረቀት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ግንባራቸውን ጠረጉበት። የዝናብ ጠብታ እንደሚጠርግ ሰው ጠረጉና አጣጥፈው መለሱት።

«አበልጅ ያመጣው ይመረመራል እንዴ» ብለው ቀዱት።

እኔ የክረምት ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ስለነበር አልሄድኩም። በመንገድ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ጎጆዋ ያቺ ጭላጭ ጥሩ ቤንዚን ስለተቀላቀለበት መጀመሪያ ደህና ሄደች። አለም በር ሲያልፉ ማሳል ጀመረች፤ ጭስ ተፋች፤ አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ጋሽ ይሻው ካንዴላ ፈትተው ጠረጉ፣ ተነሣች፣ ጥቂት ሄዳ ቆመች። እንደገና ጠረጉ። ኋላ ካርቡሬተሩን ሲፈቱ ሽታው አፍንጫቸውን ገባ፤ ላምባ። ጋሽ ሙላቴ ዝናቡ ውስጥ ቆመው «ምን ሆነችብን አበልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«አርጅታለች» አሉ ጋሽ ይሻው።

መኪና የማያልፍበት ቀን ነበር። ቀኑ ሲገባደድ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኙና እትዬ ጌጤን በሰው እጅ አውርደው ጆንያው ላይ አጋደሟቸው። ያ ከባድ መኪና ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሚያሰሙትን ጩኸት ጋሽ ይሻው ሲነግሩኝ በመሐል አቋረጡት፤ እኔም ጨርሱልኝ አላልኩም። ባሕር ዳር ሐኪሙ አይቶ «ቶሎ ቢመጡ፣ ይህን ያህልም ባይናወጡ ኖሮ…» አለ፤ ቀሪውን ለራሱ ተወው። እትዬ ጌጤ ዳኑ፤ ግን አንዱ እግራቸው አጠረ። አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ጌሾውን የሚሸጡት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነው፤ ገዥ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ ዝናቡን ያያሉ።

ጎጆዋ ተጎትታ በገባች ማግሥት ጠዋት ጋሽ ይሻውን ከጣራው ጠፈፍ ሥር አገኘኋቸው። ከታንከሯ የቀዱትን ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ጎንበስ ብለው ያያሉ። ቤንዚኑ ደርቋል፤ ወዙ እንደ ሳንቲም ክብ ሠርቶ ቀርቷል። ቁጣ ቶሎ ይመጣብኛል፤ አፌም አይመለስም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። «እውነትሽን ነው፣ መምህርት» ብለው መንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ።

«ታዲያ ለጋሽ ሙላቴ ይንገሯቸዋ!»

«ምን ብዬ? ‹አበልጄ ሆይ፣ በድያለሁ፣ ያመጡትን ሳልሞክር ቀዳሁ› ልበል? ይህን ባልኩ ጊዜ ‹የሚስትዎን እግር ያበላሸው ያመጡት ላምባ ነው› ማለቴ አይደለም? የኔን ጥፋት ባወጣሁ ቁጥር እሳቸውን መክሰሴ ነው። ሆድ ይፍጀው።»

ማርያምን አስምለውኝ አፌን አዘጉኝ። ማይ ተብዬ መማሌ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ሆድ ይፍጀው ማለት ቀላል ነው፤ ሆዱ ግን የጋሽ ይሻው ነው፤ ፈጃቸው። የሚበሉት ቀነሰ። ለእትዬ ጌጤ ዛሬ ስኳር፣ ነገ ሙዝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሄደው ደግሞ ለቅሶ የደረሱ ያህል ተቀምጠው ይመለሳሉ። ጋሽ ሙላቴ ይህን እያዩ ምን ያደርጋሉ? ያጽናኗቸዋል! «አይዘኑ አበልጄ፣ ያረጀ ነገር ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ?» ይሏቸዋል። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። የጋሽ ይሻው ፊት ጥፊ እንደቀመሰ ሰው ፊት ሆነ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ጎጆዋም የከተማው ሁሉ መተረቻ ሆነች። «ለቆራሊዮ ይስጧት» ያላለ የለም። ጋሽ ይሻው የሚወዷት መኪና በውሸት ስትሰደብ አንድ ቃል አልመለሱላትም። ዶሮዎች ገብተው አልጋዋ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር፤ እትዬ ጥሩወርቅ ዶሮዎቹን ሲያባርሩ እሳቸው «ተዪያቸው» ይላሉ። ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው ስግደት ተሰጣቸው። ጉልበታቸው እስኪያብጥ ሰገዱ። «ቀለለዎት?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እግዜር ሳይምረኝ አልቀረም። የምታነክሰው እግር ግን በደጄ ነው የምታልፈው» አሉ። እውነትም እትዬ ጌጤ በግቢያችን አጠገብ ሲያልፉ የከዘራቸው ድምፅ ይሰማል፤ ጋሽ ይሻው ያን ጊዜ የያዙትን ነገር ያስቀምጣሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እሳቸው የደበቁት የራሳቸውን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ጥር ገባ። ስርጉት ልትዳር ሆነ፤ ሙሽራው የሐሙሲት ልጅ ነው። ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ፣ ጋሽ ሙላቴና እትዬ ጌጤ ገቡ። እትዬ ጌጤ ለሠርጉ ጠላ የሚሆን ጌሾ ለእትዬ ጥሩወርቅ ይዘዋል፤ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሙላቴ ትከሻቸው ላይ ጀሪካን አለ።

«አበልጄ፣ ሙሽራዋን የሚወስዳት ያው እርስዎ ነዎት» አሉ ጀሪካኑን እያወረዱ።

ጋሽ ይሻው ደነገጡ። «ጎጆዋ አትነሣም» አሉ።

«ካንዴላ ነው፣ ይጠርጉታል። ልጅዎ አይደለች እንዴ? ክርስትና ያነሷት እርስዎ ነዎት። በሌላ መኪና ብትሄድ ሰው ምን ይለናል? አበልጆች ተቀያየሙ አይለንም? ይኸው ቤንዚን እንዳይቸግረን ብዬ ከዚያው ከሐምሌው ሰውዬ አምጥቻለሁ። ደንበኛዬ ሆኗል፤ ማደያ ሲደርቅ እሱ ዘንድ አይጠፋም።»

ጋሽ ይሻው ጀሪካኑን አዩት። ከዚያ እትዬ ጌጤን አዩ። ከዚያ ጎጆዋን። እኔ የጨመቅኩትን ልብስ እንደያዝኩ ቀረሁ። መሐላዬን አፍርሼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያቺ ልጅ በዚያ መንገድ፣ በዚያች አልጋ፣ በዚያው ላምባ!

የጋሽ ይሻው እጅ ወደ ኪሳቸው ገባ። ወጣ፤ ባዶውን ነው። እንደገና ገባ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤ ይህን ጊዜ ግንባራቸውን አልጠረጉበትም። ጎንበስ ብለው የጀሪካኑን ክዳን ፈቱ፣ ጣታቸውን አርሰው ወረቀቱ ላይ አንጠባጠቡ፣ ሌላ በርጩማ ስበው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አኖሩት። ጋሽ ሙላቴ ፊታቸው ጠቆረ፤ ተሰደብኩ ብለው ሊወጡ ይመስላል።

ቤንዚኑ ደረቀ። ወዙ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

«ላምባ ነው።»

ጋሽ ሙላቴ ወረቀቱን አንሥተው ወደ ብርሃን አቀኑት። ብዙ ጊዜ አዩት።

«የሐምሌውስ?»

«የሐምሌውም» አሉ ጋሽ ይሻው። «መኪናይቱ ምንም አልሆነችም። ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ አበልጄ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። አውጥቼ መለስኩት። ፊትዎን አየሁና አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልሞከርኩት ያን ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ እትዬ ጌጤ ከበርጩማቸው ላይ፣ ስለ ጌሾ እንደሚያወሩ ሁሉ ቀስ ብለው፣ «እኔኮ ሸቶኛል» አሉ።

ሁሉም ዞረን አየናቸው።

«እንደተጋደምኩ ሸተተኝ፤ ገና ከግቢው ሳንወጣ። ልጅነቴን በኩራዝ ያሳለፍኩ ሰው ላምባ ይጠፋኛል?»

«እና ዝም አልሽ?» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

«ዝናብ እየደበደበህ ተሸክመህ አምጥተኸው በሰው ፊት እንዴት ላሳጣህ? አበልጄም ሞክረውት ይሆናል አልኩ። ስለ መኪና እኔ ምን አውቃለሁ።»

ጋሽ ሙላቴ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ። አንዴ የሚስታቸውን ከዘራ ያያሉ፣ አንዴ አበልጃቸውን። ጋሽ ይሻው «ይቅር በሉኝ» ብለው ጉልበታቸውን ሊነኩ ቢያጎነብሱ እጃቸውን ያዙና ከለከሏቸው።

«ከዚች እግር የኔ ፊት በለጠባችሁ?» አሉ።

ጋሽ ሙላቴ ተነሥተው ጀሪካኑን አንጠልጥለው ወጡ። ይቅር አላሉም፣ አልተቀየምኩም አላሉም። ጋሽ ይሻው ያን ሳምንት እንደ ጥፋተኛ ልጅ በር በር እያዩ ከረሙ፤ ጎጆዋን ግን ዶሮዎቹን አስወጥተው አጠቧት፣ ካንዴላዋን ጠረጉ፣ እትዬ ጥሩወርቅም መጋረጃዋን ለወጡ። ቤንዚን የለም። ጋሽ ይሻው ስለ ቤንዚን አልተነፈሱም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጋሽ ሙላቴ መጡ። ማደያ ቦቴ ገብቶ ስለነበር፣ የልጃቸውን ሠርግ ዝግጅት ለዘመድ ትተው፣ እንደ ጋሽ ይሻው ልማድ ማግስቱን ጠብቀው፣ ተሰልፈው ነው የቀዱት። ሚዜው ከበሮው በቆመበት፣ ሽማግሌው ሁሉ እያየ፣ ጀሪካኑን አበልጃቸው ፊት አስቀመጡና ከራሳቸው ኪስ ነጭ ወረቀት አውጥተው ሰጧቸው።

«ይሞክሩት» አሉ። ፊታቸው አልፈገገም። ይኼኛው ቃላቸው ከይቅርታ ይበልጥ ይሁን ይነስ እኔ አላውቅም፤ ጋሽ ይሻውም ያወቁት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ጠብታ ከወረቀቱ ውጭ ወደቀ። ደግመው አደረጉት። ደረቀ፤ ምንም አልቀረበትም። ቀዱት።

ስርጉትና ሙሽራው ገቡ። እትዬ ጌጤ ልጃቸውን እስከ ሐሙሲት ሊሸኙ ነበርና፣ ሁለት ሰው ደግፎ ወደ ጎጆዋ አወጣቸው፤ ያጠረው እግራቸው ደረጃዋን ሦስቴ ስቶ ነው የረገጣት። ጋሽ ይሻው መሪው ላይ ተቀምጠው በመስተዋቱ ያያሉ። እትዬ ጌጤ አልጋዋ ላይ፣ ያን የሐምሌ ቀን ተጋድመው በነበሩበት በኩል ተደላደሉ፤ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና አየሩን አንዴ ሳቡ።

«አበልጄ» አሉ፣ «ዛሬ አይሸትም።»

ዘፈኑ ደምቋል፣ ሰው እልል ይላል። ጋሽ ይሻው ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ፤ ቁልፉን ሳያዞሩ ቆዩ።